ቀበርቾ በግቢዎ

አራስ ባለችበት ቤት፣ ወይም ጉንፋን አልለቅ ብሎ ቤተሰቡን በየተራ በሚያስተኛበት ሰሞን፣ ቀበርቾ መግዛትዎ አይቀርም። ሥሩ ፍም ላይ ጣል ሲደረግ ያ ከባድ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ግን ተክሉን ቆሞ አይተውት ያውቃሉ?

ቀበርቾ የኑግና የሱፍ ቤተሰብ ነው፤ በእሾሁ ግን ኮሸሽላን ይመስላል። የቅጠሉ ጫፍ ሁሉ እሾህ ነው፤ አበባው ደግሞ ድብልብል፣ ልክ እንደ ትንሽ ኳስ። በተፈጥሮ የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ችግሩ የሚፈለገው ሥሩ መሆኑ ነው። ገበያ ላይ የሚያዩት ሥር ሁሉ ተቆፍሮ ከወጣ ተክል የመጣ ነው፤ ዘር ሳይጥል የተቆፈረው ደግሞ ተተኪ የለውም።

«ታዲያ ለምን አልተክለውም?» ብዬ ከገበያ የገዛሁትን ሥር ቀብሬ ሦስት ወር ውኃ ሳጠጣ ከርሜአለሁ። ባለቤቴ እስካሁን ይስቅብኛል። ደርቆ የተቆራረጠ ሥር አይበቅልም፤ የሚያስፈልግዎ ዘሩ ነው። ገጠር ዘመድ ካለዎት፣ አበባው ደርቆ ሲነኩት መፈርፈር ሲጀምር ለቅመው እንዲልኩልዎ ይጠይቁ።

ክረምት ሲገባ፣ ፀሐይ በደንብ በሚያገኘው የግቢዎ ጥግ ይዝሩት። ሁሉም ስለማይበቅል በዛ ያድርጉት። ጭንጫ መሬት አይፈራም፤ የሚጠላው ውኃ የሚተኛበትን ቦታ ነው። አፈርዎ መረሬ ከሆነ መደቡን ከፍ አድርገው አሸዋ ይቀላቅሉበት። ሥሩ ወደ ታች ስለሚሄድ ካደገ በኋላ ማዛወር አይሆንም፤ ስለዚህ ቦታውን አስቀድመው ይምረጡ። ልጆች ከሚሯሯጡበትና ልብስ ከሚሰጣበት ይራቅ። ያለ ጓንት አይረሙት። ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ ከሥሩ የተበሳሳ ጥልቅ በርሜል ይበጃል፤ የአበባ ማሰሮ ግን ይጠበዋል።

ከዚያ በኋላ ብዙም አያስቸግርም። በመጀመሪያው ዓመት ከላይ እምብዛም ካላደገ ተስፋ አይቁረጡ፤ ታች ሥሩን እየሠራ ነው። አበባው ሲፈነዳ ንቦች ይመጡልዎታል። ለመቆፈር ከወሰኑም መጀመሪያ ዘሩን ሰብስበው መልሰው ይዝሩ።

ስለ ጭሱ አንድ ነገር ልጨምር። ሽታውን እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ጭስ ለጨቅላ ሳንባ አይስማማም። ሲያጨሱ ሕፃኑን ሌላ ክፍል ያስተኙት፣ መስኮትም ይክፈቱ። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ደግሞ ወደ ሐኪም ይውሰዱት እንጂ በጭስ አይጠብቁ።

ዘንድሮ ሦስት ችግኞች አሉኝ። እናቴ «መቼ ነው የምንቆፍረው?» ትላለች። ገና ነው፤ መጀመሪያ ያብቡ።