የአጃ ኩኪስ

የአጃ ኩኪስ (የአጃ ብስኩት) ከአጃ፣ ከስንዴ ዱቄት፣ ከቅቤ፣ ከስኳርና ከእንቁላል ተለውሶ በኦቭን የሚጋገር ጣፋጭ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዘቢብ፣ ተምር ወይም ሌላ የደረቀ ፍራፍሬ ይገባበታል፤ ቸኮሌትም ይጨመርበታል። ለኩኪስ የሚሆነው በእንፋሎት ከበሰለ በኋላ ተጨፍልቆ በካርቶን ወይም በቆርቆሮ የሚሸጠው ጠፍጣፋ አጃ ነው።

ታሪክ

አጃ በስኮትላንድ ለረጅም ዘመን የዘወትር እህል የነበረ ሲሆን፣ በምጣድ የሚጋገር ደረቅ የአጃ ቂጣ እስከ ዛሬ ይበላል። ጣፋጩ ኩኪስ ግን የተስፋፋው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 የታተመው የፋኒ ፋርመር የምግብ አሠራር መጽሐፍ የአጃ ኩኪስ አሠራር ይዟል። በ20ኛው መቶ ዘመን የኩዌከር አጃ ኩባንያ አሠራሩን በካርቶኑ ላይ ማተሙ ደግሞ ኩኪሱን በየቤቱ አስገብቶታል። ቸኮሌት ቆራርጦ በኩኪስ ሊጥ ውስጥ መጨመርን በ1930ዎቹ ያስለመደችው የማሳቹሴትሷ ሩት ዌክፊልድ ናት።

የአጃው ጠባይ

አጃ እንደ ስንዴ ሊጥን የሚያያይዝ ግሉተን የለውም። በምትኩ ቤታ ግሉካን የተባለ የሚሟሟ አሰር አለው፤ ይህ አሰር ውኃ ሲያገኝ ይዝለገለጋል። የአጃ አጥሚት የሚወፍረውም በከፊል በዚሁ ነው። ነገር ግን አጃ ውኃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። ሊጡ እንደተለወሰ ወዲያው ኦቭን ቢገባ ቅቤው ቀልጦ ይፈሳል፣ ኩኪሱም ይሳሳል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ዱቄት ይጨምራል፤ ያን ጊዜ የሚወጣው ደረቅ ዳቦ የሚመስል ነገር ነው። የተሻለው መፍትሔ ሊጡን ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ማሳረፍ ነው። አጃው ውኃውን ይጠጣል፣ ቅቤውም ይጠነክራል።

ዘቢብም ውኃ ይፈልጋል። በጣም የደረቀ ዘቢብ ከሊጡ እርጥበት ስለሚስብ ኩኪሱ በማግስቱ ይደርቃል። ስለዚህ ለ10 ደቂቃ በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፍና ይጠለላል፣ በጨርቅም ይደርቃል። ከሊጡ ላይ ተጋልጦ የቀረ ዘቢብ ያርርና ይመራል፤ ወደ ውስጥ መጫን ነው። ፍራፍሬው ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ጠቆር ያለና ስኳሩ ያነሰ ቸኮሌት ይስማማዋል።

አሠራር

ለ20 ያህል ኩኪስ 115 ግራም የገበታ ቅቤ ከ100 ግራም ቡናማ ስኳር ጋር ነጣ እስኪል ይመታል፤ 1 እንቁላልና ጥቂት ቫኒላ ይጨመራል። 100 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ትንሽ ጨው ተቀላቅለው ይገባሉ። በመጨረሻ 130 ግራም አጃ፣ 75 ግራም ዘቢብና 75 ግራም የተከተፈ ቸኮሌት ይታከላል። ካረፈ በኋላ በማንኪያ እየተቆረሰ፣ ተራርቆ ትሪ ላይ ይደረደርና በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይጋገራል። ጠርዙ ሲቀላ፣ መሐሉ ገና ለስላሳ እያለ መውጣት አለበት፤ ሲቀዝቅዝ ይጠነክራል።

የተነጠረ የወጥ ቅቤ ለዚህ አይሆንም። የኮሰረቱና የኮረሪማው ሽታ ቸኮሌቱን ይውጠዋል። ለጾም ቅቤው በዘይት፣ እንቁላሉ በተፈጨ የበሰለ ሙዝ ይተካል፤ ወተት የሌለው ቸኮሌትም ይመረጣል። እንዲህ የተሠራው ከቅቤው ይልቅ ለስላሳ ነው።

በደጋ አገር

አብዛኛው አሠራር የተጻፈው ለቆላ ከተሞች ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ አነስተኛ በመሆኑ ሶዳው የሚያወጣው ጋዝ በብዛት ይስፋፋል፤ ኩኪሱ ይነፋና ተመልሶ ይሰምጣል። ሶዳውን ወደ ግማሽ መቀነስ፣ ከስኳሩ 1 የሾርባ ማንኪያ ማንሳትና 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት መጨመር ይረዳል።

ጥንቃቄ

አጃ ስላለበት ብቻ ኩኪሱን የጤና ምግብ ማለት አይቻልም፤ ከዘቢብ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስኳር ነው። ሴሊያክ የተባለ የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ከላይ የተገለጸውን ኩኪስ መብላት የለበትም፤ የስንዴ ዱቄት አለው። ዱቄቱ በተፈጨ አጃ ቢተካ እንኳ ተራ አጃ በማሳም በወፍጮም ከስንዴና ከገብስ ጋር ይቀላቀላል። በኢትዮጵያ ደጋ የሐበሻ አጃ የሚበቅለው ራሱ ከገብስ ጋር ተደባልቆ ነው። ስለዚህ ከግሉተን ነፃ መሆኑ የተጻፈበት አጃ ያስፈልጋል፤ ጥቂት ሕሙማን ግን ንጹሑ አጃም አይስማማቸውም።