«ማን» እንጂ «መቼ» የማይል ምስክር

እንግሊዛዊው ሊቅ አሌክ ጄፍሪስ በ1984 እ.ኤ.አ. በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ሰውን ከሰው በዲኤንኤው መለየት የሚቻልበትን ጥበብ ካገኘ ወዲህ፣ ይህ ስምዕ የማይዋሽ፣ የማይፈራ፣ በመማለጃም የማይደለል እየተባለ በወንጀል ችሎት እጅግ ተከብሯል፤ ያልተናገረውን እንደ ተናገረ የሚቆጥሩለት ባይበዙ ኖሮ መከበሩ ባልከፋ።

በአውስትራሊያ የተፈረደ አንድ ጉዳይ ይህን ይገልጠዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ ቀን ማለዳ ላይ፣ በደቡብ አውስትራሊያ ግዛት ካለ አንድ ቤት ብዙ ሰዎች በኃይል ገብተው ነዋሪዎቹን ደበደቡ፤ አንዱ ሞተ፣ ሌላውም ክፉኛ ተጎዳ። በቤቱ በተገኘው ዲጄሪዱ፣ ማለት በአገሬው ነባር ሕዝብ የእንጨት መለከት ላይ የአንድ ሰው ዲኤንኤ ስለ ተገኘ፣ ዐቃቤ ሕግ ክሱን በዚሁ ላይ አቆመ፤ ተከሳሹም በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ዕድሜ ልክ እስራት ተቀጣ፤ የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ችሎትም ፍርዱን አጸናው።

ይግባኝ ባዩ ግን ነገሩን ወደ አገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት አደረሰው። ክርክሩም፣ ከድብደባው በፊት በነበረው ምሽት አብሮት ከተከሰሰ ሌላ ሰው ጋር ተጨባብጦ ስለ ነበር፣ ዲኤንኤው በዚያ ሰው እጅ ተሸጋግሮ መለከቱን ሊነካ ይችላል የሚል ነበር። እንዲህ ያለው መሸጋገር ብዙ ጊዜ የማይገጥም ቢሆንም ሊሆን እንደሚችል በባለሙያ ቃል ታውቋል፤ ዲኤንኤው የመጣው ከደም ነው የሚለው የዐቃቤ ሕግ ዋና ሐሳብም አልተረጋገጠም።

እንዲህ ያለው የአካባቢ ሁኔታ ማስረጃ በባሕርዩ ደካማ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን የሚደግፍ ብዙ ምልክት ሲከማች ዓይቻለሁ ከሚል ምስክር ይልቅ የሚታመንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ሰውን ለመኰነን፣ ከማስረጃው ሊወጣ የሚችለው ምክንያታዊ ድምዳሜ ጥፋተኝነት ብቻ መሆን አለበት፤ ለንጽሕና የሚስማማ ሌላ ምክንያታዊ መንገድ ከተገኘ፣ ያ መንገድ ጠባብ ቢሆን እንኳ፣ ዐቃቤ ሕግ ካልዘጋው በቀር ጥርጣሬው ለተከሳሹ ይሆናል። በመለከቱ ላይ የተገኘው ዲኤንኤ የማን እንደ ሆነ ቢናገርም፣ መቼና በምን አኳኋን እንደ ደረሰ አልተናገረምና፣ ፍርድ ቤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. የጥፋተኝነት ፍርዱን ሽሮ፣ ነገሩ እንደ ገና ይታይ ሳይል፣ ሰውየውን በነጻ አሰናበተው።