የቀይ ቀበሮ ሰባት ቤት

በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሎች እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቈጥራሉ። የመልክ መመሳሰል ወይም የስም መገጣጠም ዝምድናን አያስረዳም፤ የሚያስረዳው የትውልድ ሐረግ ነውና። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ሕያዋን ፍጥረታትን የሚመድቡበትም ሥርዓት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው።

ሥርዓቱን የመሠረተው ካርል ሊኔየስ የተባለ የስዊድን ሊቅ ነበረ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1758 ባሳተመው መጽሐፉ ለእያንዳንዱ እንስሳ ሁለት ስም ሰጠ፤ አንዱ የወገኑ፥ ሁለተኛው የዝርያው ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ሥርዓቱን እያሻሻሉ ዋና ዋናዎቹን ደረጃዎች ሰባት አደረጓቸው፤ እነርሱም ስፍን፥ ክፍለ ስፍን፥ መደብ፥ ክፍለ መደብ፥ አስተኔ፥ ወገንና ዝርያ ናቸው። ቍጥሩ ከሰባቱ ቤት ጋር ቢገጥምም፥ እነዚህ እየጠበቡ የሚሄዱ የዝምድና ክበቦች ናቸው እንጂ ትውልዶች አይደሉም።

ለምሳሌ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ እንመልከት። ስፍኑ እንስሳ ነው። በክፍለ ስፍኑ አከርካሪ ካላቸው ከዓሣና ከዶሮ ጋር ይቈጠራል። መደቡ አጥቢዎች ናቸው፤ ሰውም በሥጋው ከዚህ አለ። ክፍለ መደቡ ሥጋ በሎች ሲሆኑ፥ አንበሳና ጅብ ይገኙበታል። አስተኔው የውሻ ነው፤ ጅብ ግን ውሻ ቢመስልም ዝምድናው ለድመት ስለሚቀርብ ከዚህ ይለያል። ወገኑ ካኒስ ይባላል፤ ተኵላና የቤት ውሻ በዚሁ ይመደባሉ። ዝርያው ሲሜንሲስ፥ ማለት የስሜኑ፥ ነው።

ሕዝባችን በቀለሙና በቁመናው ቀይ ቀበሮ አለው፤ አውሮፓውያንም ለብዙ ዘመን የስሜን ቀበሮ ሲሉት ኖሩ። ግሬይ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ እንዲያውም በ1868 ለብቻው ወገን አወጣለት። ይሁን እንጂ በ1994 የታተመ የዲኤንኤ ምርመራ፥ ቅርብ ዘመዶቹ ተኵላዎች መሆናቸውን አስረዳ። ስሙ ቀበሮ ሲሆን ሐረጉ የተኵላ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? የሚል ይኖር ይሆናል። ጥቅሙ ዝምድና አደጋንም የሚያመለክት መሆኑ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አጥቢዎችን ሁሉ ይይዛል፤ ስለዚህ ሰውንም ይገድላል። በ2003 በባሌ ተነሥቶ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ዲስቴምፐር የሚባለው የውሾች ደዌ ደግሞ ይበልጡን ሥጋ በሎችን ያጠቃል፤ በ1994 በታንዛኒያ በሰረንጌቲ ከነበሩት አንበሶች ሲሶ ያህሉን ገደለ፤ በ2010 በባሌ ቀይ ቀበሮዎች ላይ ወረደ። ሦስተኛው አደጋ ከወገን የሚመጣ ነው፤ ውሻና ቀይ ቀበሮ እጅግ የተቀራረቡ በመሆናቸው ተዳቅለው ይወልዳሉ። በባሌም ይህ ታይቷል፤ ድቅሉም ሲበዛ ዘሩ እየተበረዘ ይሄዳል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ደግሞ አምስት መቶ ያህል ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ይህ ዕውቀት በትምህርት ቤት ተሸምድዶ የሚረሳ የስም ዝርዝር አይደለም። በደጋ የሚኖር እረኛ ውሻውን በየጊዜው ቢያስከትብና ያለ ጠባቂ እንዳይዞር ቢያደርግ፥ ልጆቹንም የዱሩንም አውሬ በአንድ ሥራ ይጠብቃል። ከተማ የሚኖረውም ቢሆን በግቢው ያሰረው ውሻ ካልተከተበ፥ አደጋው በመጀመሪያ የሚደርሰው በገዛ ቤተ ሰቡ ላይ ነው። ወላጆች ሆይ፥ ለልጆቻችሁ የራሳቸውን ዘር እንደምታስቈጥሯቸው ሁሉ፥ በደጃቸው የሚያልፈው እንስሳ የማን ዘመድ እንደ ሆነም አስተምሯቸው።