በጅቡቲ ከተማ በጋራ መጠለያ ስናድር

ለሕክምና ወይም ለጉዳይ ከአሊ አዴና ከሆል ሆል ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርደን፣ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር በአንድ አዳራሽ የምናድርበት ጊዜ አለ። ከሁሉ በፊት የስደተኝነት ወረቀታችንን እንጠብቅ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ የሚሰጠንን ጥበቃ ለፖሊስ የምናስረዳው በእርሱ ነውና። በላስቲክ ጠቅልለን በውስጥ ኪስ እንያዘው፤ ቅጂውን ካምፕ ለቤተሰብ እንተው። ሻንጣና ጫማ ከራስጌ ይሁን። በበጋው ሙቀት በር ተከፍቶ ከታደረ ተራ በተራ እንተኛ። ሴቶች የተለየ ክፍል ይጠይቁ፤ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ሁለት ይሁኑ። «በኦቦክ በኩል የመን እናሻግራችሁ» የሚል ደላላን አንከተል። ጥቃት የደረሰበት ሰው ሳይዘገይ ለመጠለያው ኃላፊ ወይም ለዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. ይንገር። ማፈር ያለበት አጥፊው እንጂ ተበዳዩ አይደለም።