አስፈሪ ልብ ወለድና ፊልም

አስፈሪ ልብ ወለድና ፊልም (በተለምዶ ሆረር) አንባቢን፣ ተመልካችን ወይም አድማጭን ሆን ብሎ ለማስፈራትና ለማስደንገጥ የሚዘጋጅ የኪነ ጥበብ ዘርፍ ነው። የወንጀል ታሪክ የሚታወቀው በሚተርከው ነገር ነው፤ ሆረር ግን እንደ ኮሜዲ ሁሉ የሚታወቀው በሰው ላይ በሚያሳድረው ስሜት ነው፤ ካላስፈራ ሆረር አይባልም። ፍርሃት ሰው የሚሸሸው ስሜት ሆኖ ሳለ ለምን ገንዘብ ተከፍሎ ይገዛል የሚለው ጥያቄ ፈላስፎችንም የሥነ ልቦና ባለሙያዎችንም ለረጅም ዘመን አከራክሯል። መልሶቹ ቢለያዩም አብዛኞቹ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፦ ፍርሃት የሚጥመው የሚፈራው ሰው በእርግጥ አደጋ ላይ አለመሆኑን ሲያውቅ ነው። ይህ እውቀት በሌለበት፣ በሌላ ቦታ መዝናኛ የሆነው ያው ፍጡር ሰውን ከሰው የሚያጣላ፣ አልፎም የሚያስገድል እምነት ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእምነት ወደ መዝናኛ

የደም መጣጩ ሙት፣ የቫምፓየር፣ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኦስትሪያ አገዛዝ ሥር በነበረችው ሰርቢያ፣ የመንደር ሰዎች ሙታን ከመቃብር እየተነሡ የሕያዋንን ደም ይመጣሉ ብለው ያምኑ ነበር። በመንደሩ ሞት ሲበዛ መቃብር ይከፈታል፤ አስከሬኑ ካልፈረሰ ልቡ በእንጨት ይወጋል፣ ራሱ ይቆረጣል፣ ይቃጠላል። የኦስትሪያ ጦር ሐኪሞች እንዲህ ባለ ምርመራ ላይ ተገኝተው በ1732 የጻፉት ዘገባ በመላው አውሮፓ ተነበበ። በመጨረሻ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በሐኪሟ በጌራርድ ፋን ስዊተን ምክር መቃብር መክፈትን በ1755 ከለከለች። ፋን ስዊተን አስከሬን ሳይፈርስ የሚቆይበት ተፈጥሯዊ ምክንያት እንዳለው አስረድቶ ነበር።

ቫምፓየሩ የመጽሐፍ ገጸ ባሕርይ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። የብራም ስቶከር ድራኩላ በ1897 ሲታተም፣ የለንደን አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ ሻማውን ሲያጠፋ ጎረቤቱን አይጠረጥርም ነበር። ድራኩላን አስደሳች ያደረገው ይህ ነው።

ዘርፉ በአውሮፓ ራሱን የቻለ የልብ ወለድ ዓይነት ሆኖ የሚቆጠረው ከሆራስ ዋልፖል የኦትራንቶ ግንብ (1764) ጀምሮ ነው። ዋልፖል በመጀመሪያው እትም ላይ ሥራውን ከጥንታዊ የጣሊያንኛ ጽሑፍ የተተረጎመ አስመስሎ አቅርቦ ነበር፤ የራሱ ፈጠራ መሆኑን ያመነው በሁለተኛው እትም ነው። በእውነትና በተረት መካከል ያለውን ድንበር ማደብዘዝ ከዚያ ጀምሮ የዘርፉ የዘወትር ብልሃት ሆኗል።

ሌላው ትልቅ ሥራ የተወለደው ከአየር ጠባይ መዛባት ነው። በሚያዝያ 1815 በኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ ወደ ሰማይ የወጣው አመድና ጋዝ የሚቀጥለውን የአውሮፓ በጋ ቀዝቃዛና ዝናባማ አደረገው። በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ዝናቡ ቤት ያዋላቸው ሎርድ ባይረን፣ ፐርሲ ሼሊ፣ ሐኪሙ ጆን ፖሊዶሪና የ18 ዓመቷ ሜሪ (በኋላ ሜሪ ሼሊ) የመናፍስት ታሪክ ሲያነቡ ሰነበቱ። ባይረን እያንዳንዳቸው አንድ አንድ እንዲጽፉ ሐሳብ አቀረበ። የሜሪ ፍራንከንስታይን በ1818፣ የፖሊዶሪ ቫምፓየሩ ደግሞ በ1819 ታተሙ። በራሳቸው ስሜት የሚታወቁት ሁለቱ ገጣሚዎች ከዚያ ጨዋታ የሚታወስ ነገር አለማፍራታቸው የሚገርም ነው።

ፊልምና የዘመኑ ስጋት

ፊልም ገና ከመፈጠሩ ማስፈራት ጀመረ፤ የፈረንሳዩ ጆርጅ ሜሊየስ የሌሊት ወፍ ወደ ሰይጣን ሲለወጥ የሚያሳየውን አጭር ሥራውን የቀረጸው በ1896 ነው። በ1922 የወጣው የጀርመኑ ኖስፌራቱ ያለ ፈቃድ ከድራኩላ የተቀዳ ስለነበር፣ የስቶከር ባለቤት ከሳ ቅጂዎቹ በሙሉ እንዲወድሙ በፍርድ ቤት አስወስናለች። ዛሬ የሚታየው ከውሳኔው ካመለጡ ቅጂዎች የተገኘ ነው።

ጥሩ አስፈሪ ፊልም ብዙ ጊዜ የዘመኑን ስጋት ያለብሳል። መጋቢት 1 ቀን 1954 አሜሪካ በቢኪኒ ደሴት አጠገብ የሞከረችው የሃይድሮጅን ቦምብ ብናኝ 23 ሠራተኞች ባሉበት የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ወረደ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የወጣው ጎጂራ (ጎድዚላ) የሚጀምረው በባሕር ላይ ያለ መርከብ በብርሃን ብልጭታ ሲጠፋ በማሳየት ነው፤ ከሂሮሺማ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ለነበረ ጃፓናዊ ተመልካች ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር። ዞምቢም እንዲሁ የፊልም ፈጠራ አይደለም። መነሻው በሄይቲ፣ በባርነት የኖረ ሕዝብ ከሞት በኋላ እንኳ ተነሥቶ ለጌታ ይሠራል የሚለው ስጋት ነው። ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 በአነስተኛ ገንዘብ በሠራው የሕያዋን ሙታን ሌሊት ውስጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሙታኑን ተከላክሎ ያደረው ጥቁር ሰው በማለዳ የሚሞተው ሊያድኑ በመጡ ነጭ ታጣቂዎች ጥይት ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ጆርዳን ፒል በጌት አውት (2017) የዘር ጥላቻን የፊልሙ ጭራቅ አድርጎ ለምርጥ ድርሰት ኦስካር ወሰደ።

ከአሠራር አንጻር የዘርፉ ዋና ብልሃት መደበቅ ነው። ስቲቨን ስፒልበርግ ጆውስን (1975) ሲቀርጽ የተሠራለት ሰው ሠራሽ ሻርክ በባሕር ውኃ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረው፣ ዓሣውን ከማሳየት ይልቅ በጆን ዊልያምስ ሙዚቃ መምጣቱን ብቻ ለማሳወቅ ተገደደ። ፊልሙ የተዋጣለት በዚህ ብልሽት ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። በሚያስፈራ ትዕይንት ላይ ዓይኑን የሚሸፍን ተመልካች መሸፈን የነበረበት ጆሮውን ነው።

ፍርሃት ለምን ያስደስታል?

አይሪሻዊው ፈላስፋ ኤድመንድ በርክ በ1757 ባሳተመው ሥራው፣ አደጋና ሥቃይ በጣም ሲቀርቡ አስፈሪ ብቻ እንደሚሆኑ፣ ትንሽ ሲርቁ ግን ደስታ ሊሰጡ እንደሚችሉ ጽፏል። የኋለኛው ዘመን ጥናት በብዙ መንገድ ይህንኑ አጠናክሯል።

ድንገተኛ ጩኸት ወይም ጥላ ሲታይ አንጎል ነገሩ እውነት መሆኑን እስኪያጣራ አይጠብቅም። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ መዳፍ ያልባል። ትንሽ ቆይቶ የማመዛዘን ችሎታ ይደርስና "ፊልም እኮ ነው" ይላል፤ ሰውነቱ ግን ወዲያው አይበርድም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዶልፍ ዚልማን እንዳስረዳው፣ ይህ የቀረው መነቃቃት ቀጥሎ ወደሚመጣው ስሜት ይሸጋገራል፤ ስለዚህ ከድንጋጤ በኋላ የሚመጣው እፎይታና ሳቅ ከወትሮው ይበረታል። ከሲኒማ የሚወጡ ጓደኛሞች የሚንጫጩት ለዚህ ነው።

አሜሪካዊው ፖል ሮዚን ነገሩን ከምግብ ጋር ያያይዘዋል። ሮዚን ሰው ቃሪያና በርበሬ መውደድን እንዴት እንደሚለምድ ያጠና ሲሆን፣ በእሱ አስተያየት ደስታው የሚመጣው ሰውነት "ተጎዳሁ" እያለ ሲጮኽ አእምሮ ጉዳት እንደሌለ በማወቁ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ እየበላ፣ እንባውን እየጠረገ "ጨምሩልኝ" የሚልን ሰው ያየ ሐሳቡን ለመረዳት አይቸገርም።

ፍርሃቱ ምን ያህል ይሁን ለሚለው በዴንማርክ የአርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 መልስ አሳትመዋል። በአንድ አሮጌ ፋብሪካ ውስጥ ወደተሰናዳ የማስፈሪያ ቤት 110 ጎብኚዎችን የልብ ምት መለኪያ አስታጥቀው አስገቡ። ትንሽ የፈሩት ብዙ አልተደሰቱም፤ በጣም የፈሩትም እንዲሁ፤ የበለጠ የተደሰቱት በመካከል ያሉት ናቸው። ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጥናት በ2021 እንዳመለከተው፣ በኮቪድ ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ የሆረር ወዳጆች ከሌሎች ያነሰ የአእምሮ ጭንቀት እንደነበረባቸው ተናግረዋል። ይህ ፊልሙ ሰውን ያጠነክራል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ቀድሞውኑ ጠንካራ የሆነ ሰው ሆረርን ይመርጥ ይሆናል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ አስፈሪ ታሪክ ከፊልም በፊት የሚታወቀው በማታ ተረት ነው። ጭራቁና አያ ጅቦ ልጆችን ያሳድዳሉ፣ ይበላሉ፣ ይታለላሉም። ተራኪው "ተረት ተረት" ሲል ልጆቹ "የላም በረት" ብለው ይመልሳሉ፤ ሲያበቃ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ይላል። እነዚህ ሁለት አባባሎች እንደ በር ያገለግላሉ፦ በመካከላቸው ያለው ሁሉ ተረት መሆኑን ልጅም አዋቂም ያውቃል፤ ጭራቁም ከዚያ አይወጣም።

ስለ ቡዳ የሚነገረው ግን እንዲህ ያለ በር አልነበረውም። በብዙ አካባቢ ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች በዓይናቸው ሰው ይበላሉ፣ ሌሊት ጅብ እየሆኑ መቃብር ይቆፍራሉ ተብሎ ይታመን ነበር። ተገድሎ ጆሮው ላይ ጉትቻ ስለተገኘበት ጅብ የሚወራውን ታሪክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን ያዩ የውጭ ሰዎችም ጽፈውታል። ታሪኩ እንደ ተረት ቢነገር ኖሮ ከድራኩላ የሚያንስ አልነበረም። እንደ እውነት በመነገሩ ግን ባለሙያዎቹ ከጋብቻና ከማዕድ ተገለሉ፤ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም የዚሁ ስም ሰለባ ሆነዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ እምነቱ ግን እንደ አዋጁ ፈጥኖ አልተለወጠም።

ያው ጅብ በሐረር ሌላ መልክ አለው። ከጀጎል ግንብ ውጭ ሲመሽ ጅቦችን በስማቸው እየጠሩ የሚያበሉ ሰዎች አሉ። ጎብኚው ሥጋ የተንጠለጠለበትን አጭር እንጨት በእጁ፣ የደፈረ ደግሞ በጥርሱ ይዞ ያቀርባል፤ ጅቡ ትንፋሹ ፊት ላይ እስኪሰማ ይጠጋና ሥጋውን ነጥቆ ይሄዳል። ጎብኚው ይጮኻል፣ ከዚያ ይስቃል። አብሮት የቆመው አብሊ ለዓመታት ከጅቦቹ ጋር መኖሩን ስለሚያውቅ ነው።

በሕፃናት ላይ

ተረት መሆኑን ማወቅ በዕድሜ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ሕፃናት ከዚህ ጥበቃ ውጭ ናቸው። አሜሪካዊቷ ጆአን ካንተር ባደረገቻቸው ጥናቶች፣ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በልጅነታቸው ያዩት አንድ ፊልም ወይም ፕሮግራም እንቅልፍ እንደነሳቸው ያስታውሳሉ፤ ጥቂት የማይባሉት ስሜቱ ካደጉ በኋላም አልለቀቃቸውም። ትንንሾቹን የሚያስፈራው ከድርጊቱ ይልቅ መልክ ነው፤ ሀልክ በተሰኘው ተከታታይ ፊልም ውስጥ ሰውየው ወደ አረንጓዴ ግዙፍ ፍጡር ሲለወጥ የሚያድነው ሰው ቢኖርም ልጆቹ የሚያዩት መለወጡን ነው። ለአንድ የአሥር ዓመት ልጅ "ቀለም ተቀብቶ ነው እንጂ እውነት አይደለም" ማለት ይረዳዋል። ለአራት ዓመት ልጅ ግን ማብራሪያው ብዙም አይሠራም፤ ያንን ልጅ የሚያረጋጋው ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ማቀፍ፣ የሚጠጣ ነገር መስጠትና እንቅልፍ እስኪወስደው አጠገቡ መቀመጥ ነው።