ከጆሮ ሥር ያለ ዕብጠት፦ ኤችአይቪና የምራቅ ዕጢ ሕመም

በኢትዮጵያ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ሃያ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀናት እንደሚያቆም ሲያስታውቅ ግን፣ እንደ ልማድ የተወሰደው አቅርቦት ሊቋረጥ እንደሚችል ሁሉም ተረዳ። መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ ያንሰራራል፤ በመድኃኒቱ ተዳፍነው የቆዩ ሕመሞችም ይከተሉታል። ስለ ሳንባ ነቀርሳ ብዙ ተብሏል። ስሙ እምብዛም የማይነሳው የምራቅ ዕጢ ሕመም ነውና ይህ ዳሰሳ በእሱ ላይ ያተኩራል።

ሕመሙ በብዛት የሚታየው ከጆሮ ፊትና ሥር በሚገኘው ትልቁ የምራቅ ዕጢ፣ በፓሮቲድ ላይ ነው። ዕብጠቱ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ በሁለቱም ጉንጮች ይወጣል፤ ሲዳሰስ ለስለስ ይላል፣ እምብዛም አያምም። ሲተልቅ የጆሮን ታችኛ ጫፍ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ቤተሰብ «ጆሮ ደግፍ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጆሮ ደግፍ ግን ትኩሳትና ሕመም ይዞ መጥቶ በሳምንት በአሥር ቀን ይሄዳል፤ ይኸኛው ይቆያል። ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ሲቀዳው ብዙውን ጊዜ ቢጫ መሳይ ቀጭን ፈሳሽ ይወጣል፤ አልትራሳውንዱም በዕጢው ውስጥ በርከት ያሉ፣ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶችን ያሳያል። ፓሮቲድ የተመረጠበት ምክንያት አለው። ከሦስቱ ጥንድ ትላልቅ የምራቅ ዕጢዎች የሊምፍ ዕጢዎችን በውስጡ የያዘው እሱ ብቻ ነው፤ ኤችአይቪ ደግሞ የሊምፍ ዕጢዎችን ማሳበጥ ልማዱ ነው።

ሌላው ገጽታ የአፍ መድረቅ ነው። ምራቁ የቀነሰበት ሰው ቆሎ መቆርጠም ይቸግረዋል፤ ደረቅ ዳቦ ያለ ውኃ አይወርድለትም። ጥርሱ ቶሎ ይበሰብሳል፤ የአፍ ፈንገስ ይደጋግመዋል።

ምክንያቱን ፍለጋ ትልቁ እርምጃ የተወሰደው በኒውዮርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሲልቪዩ ኢቴስኩና ባልደረቦቹ ሲዲ8 የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች በብዛት ተራብተው የምራቅ ዕጢን፣ አልፎም ሳንባን የሚወርሩበትን ሁኔታ ራሱን እንደቻለ ሕመም ገለጹት። ላይ ላዩን ሲታይ ሾግረን ከሚባለው፣ አፍና ዓይንን ከሚያደርቀው ሕመም ጋር ይመሳሰላል። በሾግረን ግን ዕጢውን በብዛት የሚወርሩት ሲዲ4 ሴሎች ናቸው፤ በደም ውስጥ የሚገኙት የሾግረን መለያ ፀረ እንግዳ አካላትም በኤችአይቪ ታማሚዎች ላይ እምብዛም አይታዩም።

በሕፃናት ላይ ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከእናታቸው ቫይረሱ ከተላለፈባቸው ልጆች መካከል ፓሮቲዳቸው ያበጠባቸው ሕመማቸው ዝግ ብሎ እንደሚሄድ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም ምክንያቱ ያልታወቀና የማይጠፋ የፓሮቲድ ዕብጠትን በሕፃናት የበሽታ ደረጃዎች ሁለተኛው ላይ አስቀምጦታል፤ ይህም ቀለል ያለ ደረጃ ነው። ያበጠው ጉንጭ የሰውነት ትግል ምልክት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እኔን የሚስበኝ ክርክር ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱ ሕመሙን ቀንሶታል? ከሂዩስተን የወጣና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ከተቀናጀ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ወዲህ ሕመሙ በእጅጉ መቀነሱን ዘገበ። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ጥናት ግን ተቃራኒውን አገኘ፦ አንዳንድ የአፍ ሕመሞች ሲቀንሱ የምራቅ ዕጢው ሕመም ከ1.8 ወደ 5 በመቶ ከፍ ብሏል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጄኒፈር ዌብስተር-ሲሪያክና ባልደረቦቿ ሌላ ተጠርጣሪ አቀረቡ። ይህም ቢኬ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ኩላሊት ከተተከለለት ታማሚ ሽንት ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የወጣው ቫይረስ ነው። ቡድኑ ቫይረሱ በላብራቶሪ ውስጥ በምራቅ ዕጢ ሴሎች ላይ እንደሚራባ አሳይቷል። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ እኔን ግን ገና አላሳመነኝም። ቢኬ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ የሚይዘውና በሰውነቱ ተሸክሞት የሚኖረው ቫይረስ ነው። የመከላከል አቅም ሲዳከም በምራቅ ውስጥ ቢገኝ አይደንቅም፤ መገኘቱ ብቻም ጥፋተኛ አያደርገውም። የሁለቱ ጥናቶች ልዩነትም የተለያየ ነገር ከመቁጠር ሊመጣ ይችላል፤ ሂዩስተን የሲዲ8ን ወረራ ሲከታተል፣ ካሮላይና በአፍ ምርመራ የሚታየውን ቆጥሯል።

ስለ ሕክምናው ባጭሩ፦ መጀመሪያ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ዕብጠት በእሱ ብቻ ይሟሽሻል። ፈሳሹን በመርፌ መቅዳት ለጊዜው ያሳርፋል፣ ግን ይመለሳል። ከረጢቱን ለማድረቅ ዶክሲሳይክሊን የሚወጉ አሉ፤ ጨረርም ተሞክሯል። ቀዶ ጥገና የመጨረሻው ነው፤ የፊት ነርቭ በፓሮቲድ ውስጥ ስለሚያልፍ ቢነካ ፊት ሊጣመም ይችላል።

በአንድ ወገን ብቻ ያለ፣ ጠጣር የሆነና በፍጥነት የሚያድግ ዕብጠት ግን ጊዜ አይሰጥም፤ የሊምፍ ካንሰር ወይም ነቀርሳ (ቲቢ) ሊሆን ስለሚችል ናሙና ይወሰድለት። ከዚያ ውጭ ያለውም ከጥቂት ሳምንታት በላይ ከቆየ፣ በተለይ በልጅ ላይ፣ ጆሮ ደግፍ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ የኤችአይቪ ምርመራ ይደረግ። መድኃኒት የጀመረም አያቋርጥ፤ ሐኪምም ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት የታማሚውን የቫይረስ መጠን ይጠይቅ።