ስለ ዓለም ዙሪያ ጉዞ ውድድር ፍጻሜና ስለ መንገድ ባልንጀራ

ሰው በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ጠባዩ በልብሱና በወጉ ተሸፍኖ ይኖራል። ከባልንጀራው ጋራ ረጅም መንገድ የሄደ እንደ ሆነ ግን ረኀብና ድካም፥ ብርድና ፀሐይ ያንን መሸፈኛ ይገፉታልና በውስጡ ያለው ነገር በግልጥ ይታያል። ታጋሽ መስሎ የነበረው ቍጡ ሆኖ ይገኛል፤ ደካማ መስላ የነበረችውም ከሁሉ ይልቅ ትበረታለች። ስለዚህ አብሮ መንገድ ያልሄደ ሰው ባልንጀራውን በሙሉ አወቅሁት ሊል አይገባውም።

ይህን ለመናገር ያነሣሣን በባሕር ማዶ የሚደረገው የዓለም ዙሪያ ጉዞ ውድድር ነው። በአሜሪካ አገር ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ «ዘ አሜዚንግ ሬስ» እያለ የሚያሳየው ሲሆን፥ ስሙ በቋንቋችን «አስደናቂው ሽቅድምድም» እንደ ማለት ነው። ሥርዓቱም እንደዚህ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ፤ ጥንዶቹም ባልና ሚስት፥ ወይም አባትና ልጅ፥ ወይም እኅትማማቾች፥ ወይም ወዳጆች ናቸው። በኤሮፕላን፥ በባቡርና በመኪና ካገር ወዳገር ይሄዳሉ፤ በደረሱበትም አገር ሥራ ይታዘዙና እርሱን ፈጽመው ወደ ማደሪያው ይሮጣሉ። ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ የደረሰው ጥንድ ከዚያው ይሰናበታል። እስከ ፍጻሜ ጸንቶ ከሁሉ ቀድሞ የገባው ጥንድ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይሸለማል።

ዓለምን በፍጥነት መዞር ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ዡል ቬርን የተባለው የፈረንሳይ ደራሲ አንድ ሰው ዓለምን በ80 ቀን እንደ ዞረ አድርጎ የጻፈው መጽሐፍ በ1865 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ዘውድ በጫኑበት በ1882 ዓ.ም. ደግሞ ኔሊ ብላይ የተባለች የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ነገሩን በሥራ ልትፈጽመው ተነሥታ በ72 ቀን ዞራ ተመለሰች። በዚያው ቀን በሌላ ወገን ተነሥታ የነበረችው ኤሊዛቤት ቢስላንድ ጥቂት ቀን ዘግይታ ገባች። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ስድስት አውቶሞቢሎች ከኒው ዮርክ ተነሥተው በእስያ በኩል ወደ ፓሪስ ተወዳደሩ። የጀርመኖቹ አውቶሞቢል ከአሜሪካኖቹ አራት ቀን አስቀድሞ ፓሪስ ገባ፤ ነገር ግን ከመንገዱ ከፊሉን በባቡር ተጭኖ ስለ ነበረ ዳኞቹ ቀን ቈጥረውበት ድሉ ለአሜሪካኖቹ ሆነ። እንግዲህ ቀድሞ መድረስና ማሸነፍ ሁልጊዜ አንድ ነገር እንዳልሆነ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታውቋል።

ከእነዚህ ውድድሮች ለእኛ የሚቀርበን በ1997 ዓ.ም. የታየው፥ በተራ ቍጥር ስድስተኛው ነው፤ መንገዱ ባገራችን አልፏልና። ዐሥራ አንድ ጥንዶች ከቺካጎ ከተማ ተነሥተው በአይስላንድ፥ በኖርዌይ፥ በስዊድን፥ በሴኔጋል፥ በጀርመንና በሀንጋሪ፥ በኮርሲካም ደሴት አልፈው፥ ከእነርሱ መካከል እስከዚያ የጸኑት ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ቀጥሎም ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ወዳሉበት ወደ ላሊበላ ደረሱ። ከዚያም በስሪ ላንካና በቻይና በኩል ዞረው ፍጻሜው በተነሡበት በቺካጎ ሆነ። ድሉንም ያገኙት የተጫጩ ወንድና ሴት ናቸው።

ውድድሩ ካለቀ በኋላ ግን በተመልካች ልብ የቀረው የድሉ ነገር ብቻ አይደለም። ለቤተ ሰብ ትምህርት የሚሆኑትን ሦስት ነገሮች ከዚህ በታች እንጽፋለን።

የመጀመሪያው በስዊድን አገር የሆነው ነው። ተወዳዳሪዎቹ በሰፊ መስክ ላይ የተደረደረውን የድርቆሽ ጥቅል እየፈቱ በጥቂቶቹ ውስጥ የተሰወረውን መልእክት እንዲፈልጉ ታዘዙ። ሁለት እኅትማማቾች ነበሩ፤ አንደኛዋ ከስምንት ሰዓት በላይ ከመቶ የሚበልጥ ጥቅል ስትፈታ ውላ አንድም አላገኘችም። ሌሎቹ ሁሉ ሄደው እርስዋ ብቻዋን ቀረች። ሆኖም «ይብቃኝ» አላለችም፤ እኅትዋም ትታት አልሄደችም። በመጨረሻ የውድድሩ መሪ ራሱ እስከ መስኩ ድረስ መጥቶ አሰናበታቸው። በውድድሩ ሕግ እነዚህ የተሸነፉ ናቸው፤ በቤተ ሰብ ሕግ የመዘናቸው እንደ ሆነ ግን ማን ይቀድማቸዋል?

ሁለተኛው በበርሊን የሆነው ነው። አንድ ባል ለመሮጥ እንዲቀልለው ሻንጣውን ከመንገድ ጣለ። ሚስቱም ንብረታቸው እንዳይቀር ብላ ተመልሳ አነሣችው፤ በዚህም ጥቂት ዘገዩ። ባልየው ከማደሪያው በደረሱ ጊዜ ጮኸባት፥ በእጁም ገፋት። ይህንንም ብዙ ሕዝብ አይቶ አዘነ፥ ተቈጣም። ነገሩ ከአንድ ሻንጣ የተነሣ ነው። በየቤታችንም ጠብ የሚነሣው ከታላቅ ነገር አይደለም፤ አንዱ የጣለውን ሌላው ባነሣ ጊዜ «ስለ ምን አዘገየኸኝ፥ ስለ ምን አዘገየሽኝ» ከማለት ነው። ሸክሙን የጣለ ሰው የጣለውን ያነሣለትን ሊያመሰግን ይገባው ነበር።

ሦስተኛው በሴኔጋል የሆነው ነው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዲቱ፥ እርስዋም ኋላ ከአሸናፊዎቹ አንዷ የሆነችው፥ የአገሩን ድኽነት አይታ የንቀት ቃል ተናገረች፤ ስለዚህም ብዙ ሰው ነቀፋት። በዚያው አገር፥ ባሮች ወደ አሜሪካ ይጫኑባት በነበረችው በጎሬ ደሴት፥ ከባሮች ወገን የተወለደ አንድ አሜሪካዊ አባት ከልጁ ጋራ ቆሞ ልቡ እጅግ ተነካ። ምድሩ አንድ ነው፤ አንዲቱ ጕስቍልና ብቻ አየችበት፥ ሌላው ግን የአያቶቹን መከራ አየበት። ቀድሞ የደረሰ ሁሉ አየ ማለት አይደለም።

ደግሞም በዚህ ውድድር አንድ መልካም ልማድ አለ። በየማደሪያው ከመሪው አጠገብ የአገሩ ተወላጅ የሆነ ሰው ቆሞ የሚደርሱትን ጥንዶች «እንኳን ወደ አገራችን በደኅና መጣችሁ» ይላቸዋል። ለመጀመሪያዎቹ የሚናገረውን ቃል ለመጨረሻዎቹም ይናገረዋል። ከዚያ በኋላ መሪው «አንደኛ ናችሁ» ወይም «ተሰናብታችኋል» ይላል። እንግዲህ በአንድ ቦታ ሁለት ሕግ ይሰማል ማለት ነው፤ የውድድር ሕግ የኋለኛውን ያስወጣል፥ የእንግዳ ሕግ ግን ፊተኛውንና ኋለኛውን እኩል ይቀበላል።

ይህ ሁለተኛው ሕግ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ላሊበላ ከደረሱት ተወዳዳሪዎች ወደ ምዕራብ፥ በጋይንት በኩል ባለው መንገድ፥ የጉና ተራራ አለ። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ርብና ጕማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በዚያ ደጋ ውርጩ የጸና ስለ ሆነ የመሸበትን መንገደኛ ከደጅ መመለስ ነውር ነው። «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ያለውን ሰው ባለቤቱ ከየት እንደ መጣ ሳይመረምር ከምድጃው አጠገብ ያስቀምጠዋል፤ እግሩንም ያሳጥበዋል። ስንተኛ ሆነህ ደረስህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

በዚሁ አገር የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎችም ከጥንት ጀምሮ የራሳቸው የጉዞ ሥርዓት አላቸው። ድጓ የሚማረው በጋይንት ወዳለችው ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የሚማረው ወደ ዙር አምባ ይወጣል። ለምዱን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ለውሻ መከላከያ ዘንጉን ይዞ፥ ከባልንጀራው ጋራ ከደብር ወደ ደብር ይዞራል። ለምኖ ያገኘውን ቍራሽ ለታመመው ባልንጀራው ያካፍላል። አንዱ በሦስት ዓመት፥ ሌላው በዐሥር ዓመት ይፈጽም ይሆናል፤ በቤተ ልሔም ድጓ ባስመሰከረ ጊዜ ግን «ዘግይተህ መጣህ» ተብሎ አይጣልም። የጉዞው ፍጻሜ ትምህርቱን መፈጸም ነው እንጂ ሌላውን መቅደም አይደለም።

በውድድር መንፈስ የተሄደ ጉዞም በደብረ ታቦር ታሪክ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። በጋፋት የተሠራው፥ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል መድፍ በሰው ጕልበት ይጐተት ነበር። መንገድ በሌለበት መንገድ እያበጁ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ፥ በጋይንትና በቤተ ሖር አልፈው፥ የጅዳን ገደል ወርደውና ወጥተው፥ በደላንታ በኩል በሽሎን ተሻገሩ። በሌላው ወገን በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ የባሕር ዳር ተነሥቶ ወደዚያው ይገሠግሥ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት ወር ቀድመው መቅደላ ገቡ፤ እንግሊዞቹም እርሳቸው ባስጠረጉት መንገድ ተጠቀሙበት። በጕልበትና በብልኀት የተመለከትነው እንደ ሆነ ይህን የመሰለ ጉዞ ጥቂት ነው። ነገር ግን በተነሡ ጊዜ ደብረ ታቦር ተቃጥላለች፤ ከሠራዊታቸው ብዙው አስቀድሞ ከድቷቸዋል፤ አገሩም ሸፍቶባቸዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አረፉ። መድፉ ዛሬም በዚያው በመቅደላ አለ። ከባዱ ነገር ደረሰ፥ ሰው ግን በመንገድ ቀረ። ለቤተ ሰብ አለቃም ሆነ ለሹም ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ልንሰጥ አንችልም።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ብዙዎቻችሁ በሥራ ምክንያት ካገር ወዳገር የምትዘዋወሩ፥ ባለቤታችሁንና ልጆቻችሁንም ይዛችሁ መንገድ የምትሄዱ ናችሁ። የቤት ኑሮም ራሱ ሁለት ሰዎች አብረው የሚጀምሩት ረጅም ጉዞ ነው። ስለዚህ ጉዞውን በሙሉ እንደ ሽቅድምድም እንዳናደርገው እንጠንቀቅ። ልጅ በትምህርት ከጎረቤቱ ልጅ ቢዘገይ፥ ሚስት በሕመም ብትደክም፥ ባል ከሹመቱ ቢሻር፥ የውድድር ሕግ «አሰናብት» ይላል። የቤት ሕግ ግን እንደ ሲራራ ነጋዴ ሥርዓት ነው፤ ነጋዴ ጭነቱ የተዛነፈበት ባልንጀራው አስተካክሎ እስኪጭን ድረስ ይጠብቀዋል እንጂ ከበረሓ ጥሎት አይሄድም። ሁሉም ካንድ ሰፈር ያድራሉ፤ ይህንንም የሚያደርጉት ስለ ርኅራኄ ብቻ አይደለም፥ ብቻውን የቀደመውን ሽፍታ እንደሚያገኘው ስለሚያውቁ ነው።

ውድድርን በጠቅላላው ለመንቀፍ ይህን አልጻፍንም። ሩጫ ሰነፉን ያነቃል፤ ባልና ሚስትም አንድ አሳብ ሆነው አንድን ችግር ሲፈቱ ፍቅራቸው ይጸናል። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም እንደሚባለው፥ ጕልበቱን ከሌላ ጋራ ያላስተያየ ሰው ራሱን ያታልላል። ነገር ግን ውድድር ልክና ፍጻሜ አለው። ይህም በ2012 ዓ.ም. በግልጥ ታየ። ሠላሳ ሦስተኛው ውድድር ገና በመጀመሪያው ላይ ሳለ የኮሮና ወረርሽኝ ስለ ተነሣ፥ በየካቲት ወር ጉዞው ተቋርጦ ፊተኛውም ኋለኛውም እኩል ወደየቤቱ ተመለሰ። ውድድሩ የቀጠለው ከዓመት ከመንፈቅ በላይ ዘግይቶ ነበር፤ ከጥንዶቹም አንዳንዶቹ ሊመለሱ አልቻሉም። በዚያ ዓመት ከግማሽ በላይ ያን ሁሉ ሯጭ ተቀብሎ ያኖረው ማነው ቢባል፥ ቤቱ ነው።

በእኛም አገር ያው ወረርሽኝ፥ ከእርሱም ቀጥሎ በ2013 ዓ.ም. እስከ ላሊበላና እስከ ጋይንት የደረሰው ጦርነት፥ የእንግዳውን እግር ከዚያ መንገድ አሳጠረው። በእንግዳ ይተዳደር የነበረው መሪ፥ በቅሎ አከራይና አሳዳሪ ብዙ ተጎዳ። እንግዳ ተቀባይነት የቤተ ሰብ ጌጥ ብቻ ሳይሆን እንጀራም እንደ ሆነ በዚህ ታወቀ። ስለዚህ መንገደኛው በተመለሰ ጊዜ የሚቀበለው ልማድ ጠፍቶ እንዳይገኝ፥ ልጆቻችንን ከአሁኑ ልናስተምራቸው ይገባናል፤ እንግዳ ሲመጣ ከመቀመጫቸው እንዲነሡ፥ ውሃ እንዲያቀርቡ፥ የሌላውንም አገር ድኽነት አይተው እንዳይንቁ።

ልጆቻችሁንም ይዛችሁ በምትሄዱበት ጊዜ፥ ከመካከላችሁ የሚዘገየውን ከፊት አስቀድሙት፤ እርምጃውም የሁሉ እርምጃ ይሁን። እንዲህ ያደረገ ቤተ ሰብ በመሸ ጊዜ ተቈጥሮ የሚጐድልበት ሰው የለም።